ገመዱ የተፈታ መሰላል

አንድ ሀብታም ሰው ትምህርት ቤት ያሠራ ነበር። ማሠራቱስ ጥሩ፤ ግን ሰውዬው የሚወደው ሰው የሚያይለትን ብቻ ነው። መሬት ውስጥ ለሚቀበረው ደንታም አልነበረው።

ኢንጂነሯ ሲፈን ትባላለች። ሕንፃውን በሚሸከመው ምሰሶ፣ በየኮለኑ ስር፣ ፓይል የሚባል ረጅም የኮንክሪት ግንድ ሁለት ሁለት ሆኖ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ በፓይሎቹ ራስ ላይ ደግሞ ኮለኑን የሚሸከም ወፍራም ኮንክሪት ይሞላል። ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። የኮለኑ ክብደት ወደ ሁለቱ ፓይሎች ሲከፈል ደግሞ የኮንክሪቱን ሆድ ወደ ግራና ቀኝ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሲፈን ያንን ኃይል አስልታ፣ ከታች ወፍራም የፌሮ ብረት ይጋደም አለች።

ኮንክሪቱ ሊሞላ ሲል ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ግማሹ ፌሮ የለም! ሰውዬው አስቆርጦ ለግቢው በር የብረት አንበሳ አስበይዶበታል። አንበሳ!

«ጋሼ፣ ፌሮዬስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ክብደት ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ሲሄድ አይተሻል? ምንም የማይሸከም ብረት ለምን ይቀበራል?»

ሲፈን በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ሄዳ ቀለም ቀቢዎቹ የሚወጡበትን፣ እግሩ ግራና ቀኝ የሚከፈተውን መሰላል አመጣች። ሁለቱን እግሮች ከታች ያያዘውን ገመድ ፈታችና ፈገግ አለች።

«በሉ ጋሼ፣ ይውጡና አንበሳዎን ከላይ ሆነው ይዩት።»

«ገመዱስ?»

«ምን ያደርጋል? ምንም አይሸከም! ክብደትዎ እንደሆነ ወደ ታች ነው የሚሄደው።»

«እግሩ ተበርግዶ ልፈጠፈጥልሽ ነው?»

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ተናዶ ገመዱን ራሱ አሰረው፤ ያውም ደርቦ።

ይሄኔ ሲፈን ጮኸች። «አዩ! ፌሮው ማለት ይሄ ገመድ ነው! ለራስዎ ሲሆን ደርበው ያስራሉ፤ ለነዚያ ሁሉ ልጆች ሲሆን ይፈታሉ? ፌሮው ካልመጣ አንድ ባሬላ ኮንክሪት እዚህ አይገባም!»

ብላ ኮንክሪቱ የሚሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ዘላ ገባችና የተረፈው ፌሮ ላይ ቁጭ አለች። የኮንክሪቱ መኪና እንደሞላ ተመለሰ። አዲስ ፌሮ መጥቶ እስኪጋደም ድረስ ንቅንቅ አላለችም። አንበሳው ዛሬም በሩ ላይ አለ፤ ልጆቹ ጭራውን እየሳቡ ይገባሉ።

ሰውዬው አላውቅም ነበር እንዳይል፣ መሰላሉ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያስተምረው ገብቶታል። የቸገረው እውቀት አይደለም፤ የሚወድቀው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። በሌላው ሕይወት ላይ «ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው መጀመሪያ ራሱ ይውጣበት።

እስቲ እናንተስ? የማትወጡበትን መሰላል ገመድ ታስራላችሁ?