አመድ ላይ የቀረበው ገበታ

ጠመንጃ ሁሉ ከባሕር ማዶ በሚመጣበት፣ የእኛ ሰው ጦር ብቻ በሚይዝበት በዚያ ጊዜ፣ እዚሁ ወይራ አምባ ላይ እንግዳው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻችንን እሱ ይሠራል። ማጭዳችንን እሱ ይሠራል። አያቶቻችን ግን ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹታል፤ ሲያልፍ እንጀራቸውን ይሸፍናሉ። ልጆቼ፣ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጠመንጃ የያዙ ሽፍቶች ከብቱን እየነዱ አስቸገሩ። መንደሩን የሚገዛው ጭቃ ሹም ደምስ እንግዳውን አስጠራው።

«አንተ፣ ጠመንጃ ትሠራልናለህ?»

«እሠራለሁ ጌታዬ። ዋጋዬ ግን፣ ሲያልቅ ከገበታዬ ትቆርሳላችሁ።»

ሰዉ ሳቀ። «ቀጥቃጩ ድግስ አማረው!» አሉ። ጭቃ ሹሙ «እሺ» አለ።

እንግዳው የተሰበረ ማረሻ ለቀመ። ብረቱን እንደ ጠፍር አቅጥኖ በዘንግ ላይ ጠመጠመ፤ አጋለ፣ ቀጠቀጠ፣ ቱቦ አደረገው። ጠመንጃው ሊሞከር ሲል፣ ዓይኑ ያበላሸዋል ብለው የእንግዳውን ፊት በጋቢ ሸፈኑት።

«አንሡልኝ! ስንጥቅ እንዳለው ልየው!»

ማን ሰምቶት! ተኮሱ። ቱቦው ፈነዳ፤ የተኳሹን የታፈረን ጣቶች ቆረጠ። «ዓይኑ ነው!» አሉና እንግዳውን ደበደቡት። በጋቢ የተሸፈነ ዓይን!

እንግዳው ቁስሉን አስሮ እንደገና ሠራ። ቱቦውን ከሥሩ አወፈረው። እንደገና ሸፈኑት።

«ባሩዱን እንኳ እኔ ልለካው!»

«አትነካም!» አሉት። ባሩዱን በእፍኝ ጠቀጠቁት። ፈነዳ። «ዓይኑ ነው!» አሉና ቤቱን አቃጠሉት። ሚስቱ ወለቴ ወናፉን ከእሳት ውስጥ ጎትታ አወጣች።

እንግዳው አመዱ ላይ ተቀምጦ እንደገና ሠራ። አሁን ግን ማንንም አላስጠጋም። ባሩዱን ራሱ ለካ። ጠመንጃውን ከአንድ ወይራ ግንድ ጋር አሰረ። ዓይኑን ከፍቶ ከምላጩ ያሰረውን ገመድ ሳበ። ጠመንጃው አገሳ፤ ማዶ የተሰቀለው ቅል ብትንትን አለ። ከሩቅ የሚያዩ ሴቶች እልል አሉ።

ወለቴ መሶቡን አመጣች። «ቤታችንን አቃጥላችኋል፤ እንግዲህ እዚሁ አመዱ ላይ ብሉ» አለች።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ጠመንጃውን አምጣ እንጂ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ያንተን እንጀራ ማን ይጎርሳል?»

እንግዳው ጠመንጃውን መቀጥቀጫው ድንጋይ ላይ አጋደመ። መዶሻውን አነሣ።

«አንድ ሰው ይቁረስ። አንድ ሰው ብቻ!»

ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ታፈረም መሬት መሬት አየ።

እንግዳው ጠመንጃውን ቀጠቀጠው፤ ጠፍጣፋ እስኪሆን ቀጠቀጠው። ከወለቴ ጋር ወናፉን ተሸክመው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

ሽፍቶቹ ተመለሱ። ጥጃ እንኳ አላስቀሩም። ሕፃናት ወተት ብለው ሲያለቅሱ ታፈረ ወደ አመዱ ሄደ። መሶቡ እዚያው ነበር። የደረቀውን እንጀራ በቆራጣ እጁ አነሣ። ሰው ሁሉ እያየው በላ። ለማን ብሎ? ባለቤቱ የለም።

ከዚያ ወዲህ በወይራ አምባ፣ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ሳይጎርስ ብረት የሚወስድ የለም። እናንተም ነገ ለማጭድ ስትሄዱ የቀጥቃጩን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጉረሱ። ፊቱን ያዞረ፣ እኔ ደጅ አይድረስ!