ገበያን የፈተነው ነጋዴ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጨው ነጋዴ፣ ያውም ሀብታም። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የምትለውን ተረት እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። ስለ እሱ የማወራልሽ፣ ወይንሸት ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልስ ስላለው ነው። ከዩኒቨርሲቲ መጥተሽ የገበያችንን ሰዎች አዳራሽ ውስጥ አስቀመጥሽ። ለእያንዳንዱ ስኳር ሰጠሽና «ከዚህ ላይ ግድግዳው ማዶ ላለው ለማታውቀው ሰው ላክ፤ የላክኸውን እኔ እጥፍ አደርግለታለሁ። እሱ ከፈለገ ይመልስልሃል፣ ካልፈለገ ያስቀረዋል» አልሽ። አብዛኞቹ ላኩ፤ የተላከላቸውም አብዛኞቹ መለሱ። አንቺ ግን ደስ እንደ መሰኘት «አባባ፣ ይህ የእውነት መተማመን ነው ወይስ እኔ ስላየኋቸው ነው?» ብለሽ መጣሽ። እንግዲህ ስሚኝ።

ነጋዴው ክረምት ሲገባ አንድ የወንዝ ዳር ከተማ ደረሰ። በቅሎዎቹ ጨው ጭነዋል፤ ወንዙም መሙላት ጀምሯል። ተሻግሬ አገሬ ልግባ ቢል፣ ጨው ከውኃ ጋር ምን ወዳጅነት አለው? ሟሙቶ ወንዙን ያጣፍጣል እንጂ። የቀረው መንገድ ጨዉን እዚያው ሰው ዘንድ አስቀምጦ፣ ባዶ በቅሎዎቹን ነድቶ መሻገርና ሲበጋ መመለስ ነው። በከተማው ግን አንድም የሚያውቀው ሰው የለም። የዕድሜ ልክ ድካሙ ያ ጨው ነውና ጨነቀው።

«ልፈትናቸው» አለ። በገበያ ቀን ነጭ ሸማውን ለብሶ በበቅሎ መጣ። አንድ ጭነት ጨው ገበያው መሐል ካለው ሾላ ሥር አራግፎ ለማንም ምንም ሳይናገር ሄደ። ከዚያ የአሽከሩን ቡትቶ ለበሰ፣ ፊቱን አመድ ቀባ፣ ተመልሶም ከአጥር ጀርባ ተደበቀ። በብልሃቱ ራሱን ሳያደንቅ አልቀረም።

ከሾላው አጠገብ የነበረች አንዲት ሸክላ ሻጭ ነጋዴው ሲያራግፍ አይታዋለች፤ ኋላ ዞር ብላ ብትፈልገው የለም። ካፊያ ሲጀምር የተቀመጠችበትን ሰሌን አንሥታ ጨዉን ሸፈነችበትና ራሷ እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጋዴው «ለራሷ ልታደርገው ነው» አለ። ቀጥሎ አንድ አንጥረኛ መጣ። ከሴትዮዋ ጋር ተንሾካሾከና ከጭነቱ አንድ አሞሌ መዝዞ፣ በብብቱ ሸጉጦ ሄደ። ነጋዴው ፈነደቀ። ተዘርፎ ደስ ያለው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ተረቱ እውነት ሆነለታ።

የቀረውን ላትርፍ ብሎ ጎንበስ ጎንበስ እያለ መጣ። ሰሌኑን ገና ሲነካ ሴትዮዋ እጁን አፈፍ አደረገችው።

«ሌባ ያዙልኝ፤ የእንግዳ ዕቃ ነው» አለች። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ጨዉ የኔ ነው» አለ ነጋዴው።

«የባለቤቱንማ መልክ አይቻለሁ። ነጭ የለበሰ፣ በበቅሎ የሚሄድ ትልቅ ሰው ነው። አንተ መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ» አለችው።

በገዛ ጭነቱ ገመድ ከሾላው ጋር አሰሩት። ጥቂት ቆይቶ አንጥረኛው ብቅ አለ። ለካ አሞሌውን ይዞ «ይህ ጨው የማን ነው?» እያለ እንግዶች የሚያድሩበትን ቤት ሁሉ ሲያስስ ኖሯል። ከኋላው የነጋዴው አሽከር ይከተለዋል። አሽከሩ የታሰረውን ሰው ትክ ብሎ አየው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ።

ሸክላ ሻጭዋ አፏን ያዘች። ከዚያ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው ተከተለ፣ በመጨረሻ ነጋዴው ራሱ እንደታሰረ ከት ብሎ ሳቀ፤ እንባው በአመዱ ላይ መንገድ እስኪያወጣ ድረስ። የገበያው ዳኛ ገበያ በማስደንገጥ አንድ ሙክት ፈረዱበት። ሙክቱ ሲበላ ከሁሉ የበለጠ የተጫወተው እሱ ነበር። በማግሥቱ ጨዉን ሁሉ ሸክላ ሻጭዋ ቤት አስገብቶ ወንዙን ተሻገረ። መስከረም ጠብቶ ሲመለስ ጨዉ ደርቆ ቆጥ ላይ ተደርድሯል፤ ሸክላዎቿ ክረምቱን ደጅ ከርመዋል።

አየሽ ልጄ፣ አንቺ ያ ነጋዴ ነሽ። አዳራሽሽ ሾላው ነው፤ ስኳርሽም ጨዉ ነው። ሴትዮዋ ተደብቆ የሚያያት ሰው መኖሩን አታውቅም ነበር። የአንቺዎቹ ግን ያውቃሉ፤ ስለዚህ መጠራጠርሽ አያስወቅስሽም። ነገር ግን እነሱን ስታዪ አንድ ነገር አለፈሽ። እጥፍ አደርጋለሁ ስትያቸው ዋስ ጠሪ ያለሽ ማን ነው? ማንስ አስማለሽ? ከየት እንደ መጣሽ እንኳ በወጉ ሳያውቁ፣ ባልሽው ቃል ብቻ የያዙትን ስኳር እጅሽ ላይ አኖሩት። አንዱ ሌላውን ከማመኑ በፊት ሁሉም አንቺን አምነዋል። መተማመን አለ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ እሱን ተሸክመሽ ነው የመጣሽው።