አንጓችና እግሯ የተሰበረው አንበሳ

ልጆች፣ ተረት አለኝ። ጆሮ አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ጫካው እስከ ከተማ በር በሚደርስበት ዘመን፣ አንድ ኩሩ ንጉሥ ነበረ። አዳኞቹ ጉድጓድ ቆፍረው አንዲት እንስት አንበሳ ያዙ። ስትወድቅ ግን የፊት እግሯ ተሰበረ። ንጉሡ አንጓች የምትባል ወጌሻ አስጠራ።

«አድኛት። ከዙፋኔ ሥር በሰንሰለት አስሬ እንግዳ አስደንቅባታለሁ። ከሞተች ወይም ካነከሰች አንገትሽን!» አላት።

አንጓች እጅ ነሥታ ወጣች። አንበሳዋ የተኛችበት አጥር ዘንድ ሄደች። አንበሳዋ አላገሳችም፤ ጫካውን ብቻ ታያለች። የአንጓች ሆድ ባባ።

በሥጋ ውስጥ የሚያስተኛ ሥር ደብቃ አበላቻት። ስትተኛ አጥንቱን ገጠመች፣ በሸምበቆ ደግፋ፣ ውሎ አድሮ በራሱ በሚበጠስ ልጥ አሰረች። ከዚያ ወዲያ አልዳሰሰቻትም። «እጅ የለመደች አንበሳ ጫካ አያኖራትም» እያለች ሥጋውን ከአጥር ማዶ ትወረውርላት ነበር።

ንጉሡ መልእክተኛ ላከ። «ድናለች?»

«አጥንቱ ገጥሟል፤ ጅማቱ ይቀራል» አለች። ሥጋውን ከፍ አድርጋ ሰቀለች፤ አንበሳዋ እየዘለለች አወረደች።

ዳግመኛ ላከ። «ድናለች?»

«ጅማቱ ጠንክሯል፤ ሩጫው ይቀራል» አለች። ፍየል ለቀቀችላት፤ አንበሳዋ አሳድዳ ያዘች።

በሦስተኛው ንጉሡ ራሱ ሰንሰለት አስይዞ መጣ። «ድናለች?»

«ጃንሆይ፣ አጥር ውስጥ መዳኗ በምን ይታወቃል? ሜዳ ላይ ትሩጥና ሕዝቡ ይመስክር። ካነከሰች አንገቴ ይኸው።»

ንጉሡ ደስ አለው። «ይሁን! በኋላ አዳኞቼ ይመልሷታል፤ በሩ ይከፈት!»

ሕዝቡ ቅጥር ላይ ወጣ። በሩ ተከፈተ። አንበሳዋ ተራመደች። ሶምሶማ ሮጠች። ከዚያ እንደ ቀስት ተወረወረች! ሜዳውን አቋረጠች፣ ገደሉን ዘለለች፣ ከጫካው አፍ ቆማ ምድር እስኪንቀጠቀጥ አገሳች። ገባች፤ ጠፋች። ሕዝቡ እልል አለ።

«መልሻት!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ያዘዙኝ እንድትድን ነው። ሮጦ የሚይዛት ሰው ከተገኘ አልዳነችምና አንገቴን ይቁረጡ።»

ንጉሡ ወደ አዳኞቹ ዞረ። አዳኞቹም «እሷንስ ፈረስም አይደርስባት» አሉ።

ሕዝብ የሰማው ቃል ንጉሥንም ያስራል። ሰንሰለቱን አስጣለ፤ ካባውን አውልቆ ለአንጓች ደረበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንፉ የተሰበረ አሞራ፣ እግሩ የተቀጨ ድኩላ፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል፤ ሲድንም ይለቀቃል።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ «እግር ጠግኖ ማሰር፣ አጉርሶ ማስተፋት» የሚባለው።

እኔ ከአፌ አወጣሁ፤ እናንተ በልባችሁ አኑሩ።