የትርንጎ መስኮት

ድሮ፣ ኳስ ሜዳ አጥር ሳያውቅ፣ ተጫዋችና ከብት በአንድ ሣር ላይ ሲጋፉ በነበረበት ዘመን፣ ጨፌ በር በምትባል ከተማ ትርንጎ የምትባል ቆሎ ሻጭ ነበረች። ሀብታም አልነበረችም። ቆንጆ ነበረች ሲሉም አልሰማሁም። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታጠፍላትም ነበር። ያላት ነገር አንድ ቁና ቆሎ፣ አንድ ድንጋይና ሁለት ዓይን ነው።

ድንጋዩ ከታችኛው ጎል ጀርባ፣ ከሜዳው ጥግ ላይ ነበር። ትርንጎ ሠላሳ ዓመት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የጥጥ መዳመጫው ክለብ ሲያሸንፍ አየች፤ ሲሸነፍም አየች። ክለቡ የተሸነፈ ለታ ግን ቆሎ አትሸጥም። "ለተሸነፈ ጥርስ ቆሎ ምን ያደርግለታል?" ትልና ቁናዋን ሸፍና ትሄዳለች።

አንድ ዓመት ከበላይ ትእዛዝ መጣ። የጨፌ በር ሜዳ እንዲህ ሆኖ ሜዳ አይባልም፤ መቀመጫ ይሠራለት፣ ግንብ ይዙረው፤ እስከ ጥቅምት ካላለቀ ክለቡ ሰንበሌጥ ከተማ ሄዶ ይጫወታል ተባለ። ሰንበሌጥ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የጨፌ በር ሰው ደግሞ ጉሮሮው ቢደርቅ እንኳ ከሰንበሌጥ ምንጭ አይጠጣም። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ግን ጤነኛው በእግሩ ይደርሳል፤ ገንዘብ ያለው በመኪና ይደርሳል። ትርንጎስ በምን ትደርሳለች? ክለቡ ከሄደ ዳግመኛ አታየውም። ይህን በልቧ ያዘችው እንጂ ለማንም አላወራችም።

ይርዳው የሚባል መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ገና እንደ መጣ ሜዳውን ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠረው። ደጋፊው ሁሉ ሥራውን ሊያይ መጣ። ምን ያያል? ቆርቆሮ ፊት ቆሞ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አንድ ሳምንት ቆመ፤ ሁለት ሳምንት ቆመ። በሦስተኛው ሰለቸው። የደጋፊው አለቃ ነጋሪት መቺው ገበየሁ እንኳ "ሲያልቅ ይጠሩን የለ?" ብሎ ሊሄድ ተነሣ።

"ሂድ" አለችው ትርንጎ። "በምጡ ያልነበረ ዘመድ ነው በክርስትናው ቀን ወንበር የሚሻማው።"

ገበየሁ አፍሮ ተመልሶ ቆመ። ትርንጎ በትሯን ይዛ እያነከሰች ወደ መሐንዲሱ ሄደች።

"ልጄ፣ ቆርቆሮህን ብሳልን።"

"አይሆንም እማማ። ሰው ካየው ሠራተኛ ይዘናጋል።"

"ሰው ያላየው ነው የሚዘናጋ።"

መሐንዲሱ ሳቀ። "እሺ፣ አንዲት ቀዳዳ ትበሳለች። ግን እርስዎ ተቀምጠው በሚያዩበት ልክ" አለ። ቀልዶ ማባረሩ ነበር። ቀዳዳዋም ስንዝር በስንዝር ሆና፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ተበሳች።

ከዚያ ወዲያ በጨፌ በር ማየት የፈለገ ሁሉ ጎንበስ አለ። የጥጥ መዳመጫው ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን በእጁ ይዞ ተንበረከከ። ቄሱም ተንበረከኩ። ጎንበስ ያላለ አላየም። ትርንጎ ከቀዳዳዋ አጠገብ ተቀምጣ ተራ ታስጠብቃለች፤ "አንተ፣ በቃህ፣ ዓይንህን አንሣ፤ አገሩ ዓይን ያለው ያንተ ብቻ መሰለህ?" ትላለች። ቀዳዳዋን የትርንጎ መስኮት አሏት። የቀረው ደጋፊ ተመለሰ፤ ያልቀረውም ጎረቤቱን ይዞ መጣ።

ትርንጎ አየች። አይታም ዝም አላለችም።

ፋሲካ ደረሰ። የሠራተኞቹ ካቦ ቸኮለ። በቀዳም ሹር ማለዳ የመቀመጫውን ደረጃ በኮንክሪት ሞላና፣ ሠራተኛው ሁሉ ለበዓል ወደየአገሩ ተበተነ። እሑድ ጠዋት ፀሐይዋ እንደ እሳት ወጣች። ሰው ጾሙን ፈትቶ፣ በልቶ፣ ተጋድሞ ነበር። ትርንጎ ግን በመስኮቷ አየች። ትናንት ጥቁር የነበረው ደረጃ አመድ መስሏል። የሞተው ባሏ ግንበኛ ነበር፤ "ሲሚንቶና አራስ ሰባት ቀን ሳይጠጡ አይጠኑም" ይል ነበር። ይሄ ደረጃ ግን ተወልዶ ጠብታ አልቀመሰም። ከተሰነጠቀ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራል። እንደ ገና ከተሠራ ጥቅምት ያልፋል።

ገበየሁ ቤት ደረሰች። ገበየሁ ገበታ ላይ ነው።

"ነጋሪትህን አንሣ።"

"እትዬ ትርንጎ፣ በሞቴ፣ ዛሬኮ ፋሲካ ነው። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ገና አንድ የዶሮ እግር መያዜ ነው።"

"ዶሮዋ ሞታለች፤ አትሸሽህም። ደረጃው ግን እየሞተ ነው።"

ነጋሪቱ ተመታ። ፋሲካ የማይመለከታቸው ሙስሊም ደጋፊዎች ቀድመው ደረሱ፤ ክርስቲያኑ ቅቤ የነካ እጁን እየጠረገ ተከተለ። ሴቱ በእንስራ፣ ወንዱ በጀሪካን፣ ነጭ እንደ ለበሰ ከወንዝ ውሃ ቀዳ። በሩ ላይ ዘበኛው ቢተው ዱላውን ይዞ ቆሟል።

"ክፈት የሚል ትእዛዝ የለኝም" አለ።

"አትክፈት የሚልስ አለህ?" አለችው ትርንጎ።

ቢተው አሰበ። እሱም አልነበረውም። በሩን ከፈተ።

ጆንያ አነጠፉ፤ ውሃ አፈሰሱ። በማግሥቱም አፈሰሱ። ሰባት ቀን አፈሰሱ። መሐንዲሱ ከበዓል ሲመለስ ጆንያውን ገልጦ ደረጃውን በመዶሻ መታው። ደረጃው እንደ ደወል ጮኸ። አንድም ስንጥቅ የለበትም። "ማነው ያጠጣው?" አለ። ሰው ሁሉ ወደ መስኮቷ ጠቆመ። ይርዳው ግንቡ ሲዞር የትርንጎ ድንጋይ እንዳይነካ አዘዘ። ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው፤ ደረጃው ለመላው ደጋፊ ቢሠራም ለእሷ እግር አልተሠራም። ድንጋዩ ካለ ታያለች፤ ድንጋዩ ከሌለ ከቤቷ ሆና ነጋሪት ትሰማለች።

ትርንጎ አየች። አይታም ዝም አላለችም።

በግንቦት መጨረሻ መሐንዲሱ ከታችኛው ጎል በኩል የነበረውን አሮጌ ቦይ በአፈር ደፈነ።

"ልጄ፣ ውሃ እዚህ ጋ መንገድ አለው" አለችው።

"ለክተናል እማማ። ውሃው በላይ በኩል ይወጣል።"

"የመለኪያ መነጽርህ ያየው በበጋ ነው። እኔ ሠላሳ ክረምት አይቼዋለሁ።"

"ሲሚንቶ ሌላ፣ መሬት ሌላ" አለ ይርዳው። የተማረ ሰው አንዴ ይሰማል፤ ሁለቴ ለመስማት ጊዜ ይፈጅበታል።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ የሜዳው ውሃ ሁሉ ታችኛው ጎል ጋ ተጠራቀመ። ጉልበት ደረሰ። ወገብ ደረሰ። አዲሱ ግንብ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ ይነፋ ጀመር። አገሩ ሁሉ ወጥቶ በዝናብ ቆሟል። ይርዳው ከላይ ታች ይሮጣል፤ የደፈነውን ቦይ ያስቆፍራል፣ እዚያ ያስቆፍራል፣ የቦዩ አፍ ስላልተገኘ ውሃው አይሄድም። በመጨረሻ ጭቃ እንደ ለበሰ፣ ከውሃው በላይ በቀረው ድንጋይዋ ላይ የተቀመጠችው ትርንጎ ፊት መጥቶ ቆመ።

"እማማ፣ መንገዱ የት ነው?"

ትርንጎ ያን ለታ ዝም አለች። ሰው ገረመው፤ ትርንጎን ዝም ስትል ያየ አልነበረም። እሷ ግን ታውቃለች። ውሃው ሠላሳ ክረምት የወጣው ከእሷ ድንጋይ ሥር ነው። ድንጋዩ የቦዩ አፍ ክዳን ነው፤ አሁን ደግሞ ሥሩ በአፈር ተደፍኗል። ይነሣ ካለች መቀመጫዋ ተነሣ። ይቅር ካለች ግንቡ ወደቀ፣ ክለቡም ሰንበሌጥ ገባ። ድንጋዩን አየች። ከዚያ ሰውን አየች። ገበየሁ ነጋሪቱን ከዝናብ በጋቢው ሸፍኖ፣ እሱ ራሱ እየበሰበሰ ቆሟል።

በትሯን ተደግፋ ተነሣች።

"ከእኔ ሥር ነው። ድንጋዩን አንሡት" አለች።

ስምንት ሰው በድጅኖ አንከባለለው። ከሥሩ አባቶች የካቡት የድንጋይ ቦይ ተገኘ፤ ማን እንደ ካበው የሚያውቅ አልነበረም። ውሃው እንደ ወይፈን አጓርቶ ገባበት። ድንጋዩንም እያንገጫገጨ ይዞት ወደ ወንዙ ወረደ። ግንቡ ቆመ። ሰው እልል አለ። ትርንጎ ቁናዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ትርንጎ አየች። አይታም ዝም አላለችም።

ጥቅምት መጣ። ቆርቆሮው ተነሣ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሰንበሌጥ ጋር ነው፤ ከማን ሊሆን ኖሯል? ትርንጎ ከቤቴ አልወጣም ብላ ነበር። እግሯ ግን ሠላሳ ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ። ከጥጉ ስትደርስ በቦዩ አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ አየች። ከፍርግርጉ አጠገብ ከድንጋይና ከሲሚንቶ የተሠራ መቀመጫ አለ። ደረጃ የለውም። ቁመቱ በእሷ ልክ ነው፤ ፊቱም የማይታጠፈውን እግር ለመዘርጋት ይበቃል። መሐንዲሱ አጠገቡ ቆሟል፤ ጫማው አያብረቀርቅም።

ትርንጎ አልተቀመጠችም። መቀመጫውን በበትሯ መታ መታ አደረገችው።

"ስንት ቀን ጠጣ?"

"ሰባት ቀን እማማ። ያጠጣሁት እኔው ነኝ።"

"ፋሲካ ባልሆነ ቀንማ ማንም ያጠጣል" አለችና ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ቁናዋን ገለጠች። ያኔ ገበየሁ ነጋሪቱን መታ።

አሸነፉ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ለአንድ ወጡ። ትርንጎም የቆሎውን እኩሌታ ሸጣ እኩሌታውን ይዛ ገባች።

ትርንጎ ከሞተች ስንት ዘመን ሆኗል። ጨፌ በር ግን እስከ ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ሲያጥር፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ አንዲት መስኮት ይተዋል። ባለቤቱ ቢረሳ አናጺው አይረሳም። ሲሚንቶ የተሞላ ለታም ጎረቤት ሳይጠራ አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ ይመጣል። ሥራውን የሚያድበሰብስ ግንበኛ ካለ አይሰድቡትም፤ አይከሱትም። "ትርንጎ ታየሃለች" ይሉታል። ያን የሰማ ግንበኛ ድንጋዩን አንሥቶ እንደ ገና ያስቀምጣል።

እኔ የሰማሁትን ነገርኋችሁ። አላምንም ያለ ጨፌ በር ይሂድና ጎንበስ ብሎ ይይ።