ጠብታውን የደፈነው የጎማ ነጋዴ

አንድ የጎማ ነጋዴ የመታጠቢያ ቤቱን በር በመዳፉ እየደበደበ ነው። «እማዬ፣ ውጪ። ጋቢሽን ጣል አድርጊና ቶሎ ውጪልኝ።»

«ገና ሳልታጠብ?» አሉ እናቱ ከውስጥ። «ውሃው እስኪበርድልኝ ቁጭ ብያለሁ። ምን አስቸኮለህ፣ ሠርግ አለብህ?»

ከኋላው የቆመው ቧንቧ ሠራተኛ ጋሽ አየናቸው የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። «አትለምናቸው፤ አውጣቸው» አለው ቀስ ብሎ።

ነጋዴው ግዛው ይባላል። በሩን ገፍቶ ገባ። እማማ አትጠገብ ቀሚሳቸውን ገና አላወለቁም፤ ባልዲውን ፊት ለፊታቸው አድርገው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ጣል አድርጎባቸው ከነበርጩማቸው አንስቶ፣ «ኧረ ልጁ ምን ነካው» እያሉ እየተሳደቡ፣ ግቢው መሀል አስቀመጣቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ላይ ቦይለሩ ማጉረምረም ጀመረ። ድንጋይ የሚቆላበት ነበር የሚመስለው። ግዛው ደውሎ ጋሽ አየናቸውን ጠራ። ቦይለሩ የተሰቀለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የእማማ አትጠገብ በርጩማ አለ። ጋሽ አየናቸው ገና እንደ ገባ ቀና ብሎ ከቦይለሩ ሥር ያለችውን ትንሽዬ የናስ ቫልቭ አየ። ውሃ የምታንጠባጥብበት አፏ በታፖ፣ በብረት ውታፍ፣ ተደፍኗል። ታፖው በነጭ ቴፕ ተጠቅልሎ፣ በቁልፍ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ጋሽ አየናቸው ሄዶ የኤሌክትሪኩን ብሬከር አወረደ። ከዚያ በኋላ ነው «ከግድግዳው ወዲያ ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀው።

አሁን ሦስቱም ግቢ ናቸው። «እስኪቀዘቅዝ ማንም ወደዚያ ድርሽ እንዳይል» አለ ጋሽ አየናቸው። «እኔም አልነካውም። ማነው ያንን ታፖ የገጠመው?»

«እኔው ራሴ» አለ ግዛው፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች። «ጋሼ፣ በዚህ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እኔ ሮቶ ለመሙላት ሌሊት ስነሳ፣ እሱ እዚያ ተሰቅሎ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንጀቴን በላው። ደፈንኩት። ሦስት ወር ይኸው፣ አንዲት ጠብታ ወርዳ አታውቅም።»

እውነቱን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠብታ ማየት ያማል። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ አሳይቶ ነበር፤ ጎረቤትም «እጅህ ይባረክ» ብሎት ሄዷል።

«የምትሸጠው ምንድን ነው?» አለው ጋሽ አየናቸው።

«ጎማ።»

«ጎማ ውስጥ ነፋስ እየሞላህ፣ በቃ ሳትል ብትሞላውስ?»

ግዛው ሳቀ። «ይሄማ ይጠየቃል? ከሚሞላው ሰው ጋር ነዋ የሚሄደው።»

ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ጎማ ሲፈነዳ አይቷል። ይነፋ የነበረውን ሰውዬም አይቷል። ዓይኑ ወደ ኮሪደሩ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እናቱ በርጩማ ተመለሰ።

«ውሃም ሲሞቅ ያብጣል» አለ ጋሽ አየናቸው። «ያበጠው መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ያቺ ጠብታ ነበረች። አንተ ሌባ መስላህ ዘበኛህን አሰርክ።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምነው ዝም አለ?»

«እስከ ቅርብ ጊዜ ሙቀቱ ሲበቃው የሚያጠፋው ቴርሞስታት ይሠራ ነበራ። ግፊቱን ቧንቧዎቹ ችለውልህ ከረሙ። አሁን ግን እሱም የተበላሸ ይመስለኛል። ሳያቆም ነው የሚያፈላው።»

ይሄኔ እማማ አትጠገብ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ዞሩ። «ነግሬዋለሁ እኮ ልጄ። ማክሰኞ ዕለት ነገርኩት። ቀዝቃዛውን ስከፍት መጀመሪያ ትኩስ ይመጣል፣ ትኩሱ ደግሞ እሳት ነው አልኩት። ‹እማዬ፣ ቆዳሽ ሳስቶ ነው› አለኝ።»

«ከዚያስ፣ እናቴ?»

«ረቡዕም አልኩት። ‹ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?› አለኝ። ሐሙስ ተውኩት። ባልዲ ውስጥ እቀዳለሁ፣ እስኪበርድ ቁጭ እላለሁ፣ እታጠባለሁ። ዕድሜ ለባልዲ።»

ግዛው መሬት መሬት አየ። ሐሙስ ዕለት እናቱ ሳያጉረመርሙ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ፣ «ተመስገን፣ ለመዱት» ብሎ በደስታ ወደ ሱቁ መሄዱ ትዝ አለው።

ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጋሽ አየናቸው መጀመሪያ ብቻውን ገባ። በእጁ ዳበሰው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ ግዛውን ጠራው። ታፖውን በቁልፍ ሲያላላው ቫልቯ ፊሽ ብላ ትንፋሽ አወጣች፤ የታፈነው ውሃም ግድግዳውን ረጨው። የቀረውን ውሃ ቀድቶ ሆዱን ሲከፍተው ከውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሆነ ነጭ ድርቅ ያለ የውሃ ዝቃጭ ግማሽ ባልዲ ወጣ። ጠዋት ሲያጉረመርም የነበረው እሱ ነው። ቴርሞስታቱም እንዳለው ተቃጥሎ ተጣብቋል።

«ይሄ መቼ ነው የተከፈተው?» አለ ጋሽ አየናቸው ቅርፊቱን እያሳየው።

«ይከፈታል እንዴ?»

«መኪና ዘይት አይቀየርለትም? በዓመት አንዴ ይከፈታል፣ ይጠረጋል። ቫልቯም እንዳትደርቅ አልፎ አልፎ እጀታዋን ቀና አድርገህ ታፈሳታለህ። ጠብታው ካሳዘነህ ሥሯ ጀሪካን አድርግና ወለል ወልውልበት። መድፈን ግን የለም።»

አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ቫልቭ ገጠመ። ውሃ ሞላው፣ ብሬከሩን መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ከቫልቯ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀች። የግዛው ጣት ከልማድ ሊያብሳት ተዘረጋችና መንገድ ላይ ቆመች። ሄዶ ጀሪካን አመጣ።

ጋሽ አየናቸው ቦርሳውን ዘጋ። ግዛው እስከ ግቢው በር ሸኘው። «ጋሼ፣ ዛሬ እናቴን አተረፍክልኝ። ሌላ ሊበላሽ የሚችል ነገር ካለ ንገረኝና ልወቀው» አለው።

ጋሽ አየናቸው ወደ ኋላ ዞሮ አየ። እማማ አትጠገብ በርጩማቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ተሠራ አልተሠራም ብለው እንኳ አልጠየቁም።

«የሚያንጠባጥብ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ዝም ያለም ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም» አለው። «የቦይለሩን ታፖ ነቅዬልሃለሁ። የእናትህን ግን ራስህ ትነቅላለህ፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። አንተ ደግሞ ማታ አረፍ ስትል እስቲ አስበው፤ ነግሮህ ነግሮህ ሲሰለቸው የተወህ ሰው ሌላ ማን አለ?»