ከምሳ በፊት የሚነገር ቃል

አንድ አፈ ቅቤ ሻጭ ነበር። ዘርይሁን ይባላል። ለብዙ ዓመታት የሠራው ስሙ ብቻ በር በሚያስከፍት ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ነው። እዚያ የሻጭ ሥራው «ይቻላል» ማለት ነበር። ደንበኛው የጠየቀው ነገር ኖረም አልኖረም ዘርይሁን ፈገግ ብሎ «ችግር የለም፣ ይቻላል» ይላል። ውሉ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የሌላ ክፍል ነው። ያ ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር።

ኩባንያው ሠራተኛ ሲቀንስ ዘርይሁንም ተቀነሰ። ሥራ ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረው። ድርጅቱ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሠራል። ከአለቃው ጀምሮ ሁሉም ሰው የሚቀመጠው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አለቃው አቶ ልዑልሰገድ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉት።

«እዚህ ቤት አንድ ደንብ አለን። ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ውጭ ለደንበኛ ቃል የገባ ሰው፣ እጃችንን ከመታጠባችን በፊት የገባውን ቃል ለሁላችንም ይናገራል።»

ዘርይሁን በሆዱ ሳቀ። የልጆች ጨዋታ መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ለአንድ ክሊኒክ ሸጠ። ባለቤቱ መሣሪያው ከክሊኒኩ ኮምፒዩተር ጋር እንዲገናኝለት ሲጠይቀው እንደለመደው «ችግር የለም፣ በሁለት ሳምንት» አለ። ደስ ብሎት ተመለሰ። ምሳ ዕቃዎቹ ተከፍተው ሽሮውም ጎመኑም በአንድ ትሪ ላይ ተገልብጧል። ቆሞ የገባውን ቃል ተናገረ። ጭብጨባ ነበር የጠበቀው። ያጨበጨበለት ግን አልነበረም።

ፕሮግራሙን የምትጽፈው ሶስና ቀና ብላ አየችው።

«በሁለት ሳምንት ነው ያልከው?»

«ችግር የለም፣ ይደርሳል።»

«ማን ነው የሚያደርሰው?»

ዘርይሁን በድሮ መሥሪያ ቤቱ ቢሆን «ክፍሉ ያደርሰዋል» ይል ነበር። እዚህ ግን ክፍሉ ምሳ ዕቃውን ይዞ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሶስና ምሳ ዕቃዋን ከድና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሪው ጋ አልመጣችም። ኮምፒዩተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ትውላለች፣ ታመሻለች። ልጇን ከትምህርት ቤት ጎረቤት ያመጣላት ጀመር። ሥራው ሲያልቅም ቀኑ አልፎ ነበርና ክሊኒኩ ተቆጣ። አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ዘርይሁንን ማንም አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ዓይኑ የሚያርፈው ትሪው ዙሪያ ባለው በእሷ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አቶ ልዑልሰገድ ለብቻው ጠሩት።

«ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ መድኃኒት አስመጪ አሉ። ይህን ሽያጭ ካጣን ሁላችሁንም ይዤ ክረምቱን መሻገር አልችልም። ሰው መቀነስ ካለብኝ ደግሞ መጨረሻ ከገባው ነው የምጀምረው። ልደብቅህ አልፈለግኩም።»

ዘርይሁን ወደ እሳቸው ሄደ። ወይዘሮ አስካለ የተቀበሉት መጋዘናቸው ውስጥ፣ ማቀዝቀዣዎቹ መሀል ነው። ሲያስረዳቸው ሳያቋርጡ አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ ያሳውቃል?»

አያሳውቅም። ዘርይሁን ይህን ያውቃል።

«አምና መብራቱም ኔትወርኩም አብረው ጠፉ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ማቀዝቀዣ ሙሉ ኢንሱሊን ደፋሁ። የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። ከአንተ በፊት የመጣው ሻጭ የእኛ ያሳውቃል ብሎኛል። የእናንተስ?»

«ይቻላል» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ይህችን አንድ ቃል ቢላት እንጀራው ይተርፋል። ነገር ግን ቃሏን ይዞ ከምሳ በፊት ሶስና ፊት ሲቆም ታየው።

«አያሳውቅም፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«ታዲያ ምን ልትሸጥልኝ መጣህ?»

«ይፍቀዱልኝና የምትሠራውን ሰው ልጠይቃት።»

እዚያው ፊታቸው ደውሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ነገሩን ሲነግራት ሶስና ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ቃል ገብተሃል?» አለችው።

«አልገባሁም። አንቺን ሳልጠይቅ አልገባም።»

 

«በባትሪ የሚሠራ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ራሱ የሚጮህ ደወል ልንሠራ እንችላለን» አለች ሶስና። «የሚደርሰው ግን መስከረም ላይ ነው። ለዚህ ክረምት አይደርስም። አይደርስም በላቸው።»

«እንደሰሙት ነው» አለ ዘርይሁን። በልቡ ዕቃውን ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየሰበሰበ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ማቀዝቀዣዎቻቸውን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ።

«ለክረምቱ እየዞረ የሚያይ ዘበኛ አቆማለሁ» አሉ። «መሣሪያውን አሁን እገዛለሁ፤ ደወሉን መስከረም ካላችሁ እስከ መስከረም እጠብቃለሁ። ያኛው ሰውዬ የሚሠራውን ሰው አገናኘኝ ስለው ስልኬን ማንሳት አቆመ።»

ዘርይሁን ሲመለስ ትሪው ቀርቧል። ቆሞ «መስከረም ላይ ደወል እናደርሳለን ብለናል» አለ። ሶስና ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጣች። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ያመጣችውን ምስር ትሪው ላይ ገለበጠችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«በሉ እጃችንን እንታጠብ» አለች። «እርቦኛል።»

ወዳጄ፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ሰው የገባው ቃል ማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አይታይም። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን ፊት ለፊት ይታያል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በሁለቱም ቤት ቃሉ የሚወድቅበት ሰው አለ። በቀላሉ «ይቻላል» ስንል ብዙ ጊዜ የምንሰጠው የሌላ ሰው ምሽት፣ የሌላ ሰው ልጅ የምትጠብቀው ሰዓት ነው። የራሳችን ያልሆነውን ደግሞ ሳይጠይቁ መስጠት ቸርነት አይደለም።

እርስዎስ በዚህ ሰሞን ለማን «ችግር የለም» አሉ? ያንን ቃል የሚፈጽመው ሰው ዛሬ ምሳ ላይ ፊት ለፊትዎ ቢቀመጥ፣ ዓይኑን እያዩ ሊነግሩት ይችላሉ?