የቀበሮዋ በርና ጠምበለሉ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በከረረበት ወር፣ አንዲት ቀበሮ ትልቅ ዝግባ ሥር ጉድጓድ ምሳ ሦስት ቡችሎቿን ታሳድግ ነበር። በሯ የጠምበለል ሐረግ ነው። ከግንዱ ሥር ተነስቶ፣ ዝግባውን እየተጠመጠመ እስከ ጫፉ ወጥቷል። የጫካው ቁጥቋጦ ሁሉ ቅጠሉን ሲያራግፍ እሱ እንደለመለመ ይከርማል፤ አናቱም ላይ ነጫጭ አበባ ያፈካል። ከዚያ መጋረጃ ኋላ ቡችሎች መኖራቸውን ማንም አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ጅቦ መጣና ሐረጉ ፊት ተቀምጦ አንጋጠጠ።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ» አለ። «አገር ምድሩ ደርቆ ይህ ሐረግ ለምን አይደርቅም? ምን ይበላል?»

እውነተኛው መልስ አጭር ነበር፤ ሥሩ ጥላና እርጥብ አፈር፣ አናቱ ፀሐይ ያገኛል። ይህን ብትነግረው አዛግቶ ይሄድ ነበር። ቀበሮ ግን እውነት መናገር አይሆንላትም። ደግሞም የጅቡ አፍንጫ ወደ ቅጠሉ እየተጠጋ ነው።

«ምስጢሩ ያለው ከላይ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ፈጠን ብላ። «ጫፉ ላይ ድግስ አለ። ሽታው አይመጣዎትም?»

ጅቡ አሸተተ። «ውይ! መጣ! ሥጋ ነው?»

«ያውም የሰባ! ታች ግን ቅጠል ብቻ ነው።»

በልቧ ሳቀች። ጅብ ዛፍ አይወጣ! ሲያንጋጥጥ ይቆይና አንገቱ ሲደክመው ይሄዳል።

ጅቡ ጥቂት አሰበ፤ ለእሱ ብዙ ነው። «እኔ መውጣት አልችልም» አለ። «ስለዚህ ድግሱ ይውረድ።»

«ይቆዩ! ኧረ ይቆዩ፣ አያ ጅቦ!»

ሐረጉን ነክሶ ወደ ኋላ ሳበው። መጋረጃው ከነአበባው፣ ከነንቡ ተዘርግፎ እላዩ ላይ ወደቀ። የጉድጓዱ በር ወለል አለ፤ ሦስት ጥንድ ዓይኖች ቁልጭ ቁልጭ አሉ።

ደግነቱ ጅቡ አላያቸውም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በአበባው መሐል ሥጋ ይፈልጋል፤ ንቦቹ ደግሞ የእሱን አፍንጫ። በዚያች ፋታ ቀበሮዋ ቡችሎቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ ወደ ገደሉ ማዶ አሸሸች።

«እመት ቀበሮ!» ይላል ጅቡ ከኋላዋ፣ «ድግሱ የታለ? ይሄ ሣር ሣር ይላል እኮ!»

ክረምት ሲገባ ጠምበለሉ ከሥሩ አቆጠቆጠ፤ ውሎ አድሮም የድሮውን በር ሸፈነ። ቀበሮዋ ግን ቡችሎቿን ያሳደገችው ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ሥር፣ በአንድ ዓይኗ ብቻ እየተኛች ነው።

ከዚህ የምንማረው ሞኝን በውሸት የሚሸኝ ሰው፣ ሞኙ ውሸቱን አምኖ ሥራ ሊጀምርበት እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት ነው።